«ለምን መጣህ?»

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ የመከላከያ ምልምሎች ምዝገባ ላይ የሆነ ነው። ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ ተሰላፊዎቹ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቁም። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና ፎቶግራፍ ከተረከቡ በኋላ ከኮሚቴው አንዱ ጮክ ብሎ «ለምን መጣህ?» ይላል፤ ጸሐፊው መልሱን በቅጹ የመጨረሻ ዓምድ ይሞላል።

ቀፊራ ገበያ ዕቃ የሚሸከም ልጅ ተራው ደረሰ። «እናቴ ታማለች፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ አለብን። ደመወዝ አለው ሲሉኝ መጣሁ» አለ። ጠያቂው «ውትድርና የቀን ሥራ መሰለህ? እኛ የምንፈልገው አገሩን የሚወድ ነው!» ብሎ ቆጣው። ሰልፉ ሳቀ። በዓምዱ ላይ «ዓላማ የለውም» ተብሎ ተጻፈ፤ ልጁም ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከኋላው የነበረው የከዚራ ልጅ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ነው። «መኮንን መሆን ነው የምፈልገው» ሲል «ጎበዝ!» ተባለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት የቀረበው ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፦ «አገሬን ለማገልገል»። መሳቂያ ከመሆን ያን ዓረፍተ ነገር መድገም ይቀላል።

ጉዳቱ የታየው ምልምሎቹ ማሠልጠኛ ከገቡ በኋላ ነው። እናቶች ቀበሌ መምጣት ጀመሩ። «ልጄ፣ እሱ ከሄደ ቤቱ ባዶ ነው፤ ብሩ በማን በኩል ነው የሚመጣው?» ይላሉ። መልስ የሚሰጣቸው አልተገኘም፤ ማን ቤተሰብ ይደጉማል፣ ማን ውክልና ሰጥቷል የሚለው የትም አልተጻፈም። ይህን ሊናገር የሚችለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሞልቷል።

ከኮሚቴው አባላት መካከል ጡረታ የወጡ አንድ ሻምበል ባሻ ነበሩ። «የከዚራውም ልጅ የተናገረው ስለ ራሱ ነው» አሉ። «ማዕረግ ፈለገ፣ እሱን አጨበጨብንለት። ያኛው ዳቦ ፈለገ፣ እሱን አባረርነው።»

ሻምበል ባሻው ይህን ልዩነት ከሐረር ያውቁታል። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ በህንድ መኮንኖች ሦስት ዓመት ያሠለጥን ነበር። ከተራ ወታደርነት ተነስቶ በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በኩል መኮንን የሆነው ደግሞ ሌላ ወገን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው መናናቅ ቀላል አልነበረም። ሐረር በነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ያገለገሉት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወታደር ልጅና የሆለታ ምሩቅ ነበሩ። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች ያመፁት በምግብና በውኃ ነው፤ የእነሱ የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠጡ በመከልከላቸው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት የጠራው የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲመጣም ገንዘብና ዘመድ ያለው ልጁን ያሸሽ፣ የቀበሌው ኮታ በድሃው ልጅ ይሞላ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ድሃን «ለደመወዝ መጣህ» ብሎ አይሰድብም።

በሚቀጥለው ዙር ቀበሌው አሠራሩን ለወጠ። ጠረጴዛው ወደ ክፍል ገባ፤ ሰልፉ ድምፅ በማይሰማበት ርቀት ውጭ ቆመ። «ለምን መጣህ?» የሚለው መጀመሪያ መጠየቁ ቀረ። በቅድሚያ «ከማን ጋር ትኖራለህ? ኪራዩን ማን ይከፍላል? አንተ ከሄድክ ማን ይጎዳል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እዚህ ላይ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ራሱ ይወጣል። ጸሐፊው የልጁን ቃል እንዳለ ይጽፋል። አማርኛ ካልቀለለው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይናገራል፣ የሚያስተረጉምለትም ይኖራል። ደጋፊ የሚሻ ቤተሰብ ያለው ሁሉ የሥልጠና ወቅት ገንዘብና ከምረቃ በኋላ የሚከፈለው ደመወዝ አንድ እንዳልሆነ ይነገረዋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ይነበብለታል፤ ከዚያ ውጭ አንድም ብር ቃል አይገባለትም። ሳይሄድ ውክልናውን ይጨርሳል።

ጥብቅ መሆን የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ደም ለመመለስ መሣሪያ የሚፈልግ አለ፤ እሱ ራሱንም ጓዶቹንም ይጎዳል። የወንጀል ክስ ሸሽቶ የመጣ አለ። አባቱ «ሂድልኝ» ብሎ የላከው፣ ራሱ ግን ያልፈለገ አለ። ከሁሉ የሚከፋው 16 ዓመት ሆኖ 18 ነኝ የሚለው ነው፤ ረሃብ ዕድሜ ያስጨምራል። መታወቂያው ብቻውን አይበቃም፦ የትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የልደት ዓመት ይመሳከራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። በዚያ ዙር ሁለት ልጆች በዚህ ተለይተው ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ደግሞ ለሁሉም አንድ ሌሊት ይሰጠዋል፤ ነገ ጠዋት ያልተመለሰ ለምን እንደቀረ አይጠየቅም።

የቀፊራው ልጅ እንደገና መጣ። ያንኑ ተናገረ፤ «እናቴ ታማለች።» ሻምበል ባሻው አላቋረጡትም። ሲጨርስ «አንተ ማሠልጠኛ ስትገባ ማን ያስታምማታል?» አሉት። «እህቴ አለች፣ 14 ዓመቷ ነው።» «እሷ ትማር። ሌላ ሰው?» ዝም አለ። ከዚያ «አክስቴ ሳቢያን ነው የምትኖረው» አለ። ነገ ይዟት እንዲመጣ ነገሩት። በማግስቱ 3 ሰዓት ላይ ሴትየዋ መታወቂያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች፤ ጸሐፊው ወንበር ሰጣትና ስለ ውክልናው ያስረዳት ጀመር።