ስታትስቲክስ የገባኝ በእናቴ ቡና ነው

ሜሪላንድ ከመጣን ገና ሁለት ዓመታችን ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ ካውንስለሬ ኤፒ ስታትስቲክስ ትወስጂያለሽ ወይ ስትለኝ ቶሎ እሺ አልኩ። ኮሌጅ የሚሰጠውን ትምህርት ሃይስኩል ሆኖ መማር ነው፤ ሜይ ላይ ተፈትኖ ጥሩ ነጥብ ላመጣ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይይዙለታል። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ መሸሸጊያዬ ሂሳብ ስለነበር፣ ይሄም ያው ቁጥር ነው ብዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ኩዊዝ ስለ ማዳበሪያና ስለ ቲማቲም ነበር። ፒ-ቫልዩው፣ ማለትም ማዳበሪያው ምንም ባይለውጥ እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ፣ 0.03 መጣልኝ፤ ከተለመደው ወሰን ከ0.05 ስለሚያንስ «መነሻ መላምቱ (ማዳበሪያው ለውጥ የለውም የሚለው) ውድቅ ነው» ለማለት «መነሻ መላምቱ ውድቅ ነው» ብቻ ብዬ ጨረስኩ። ስሌቱ ልክ ነው፣ የተሰጠኝ ግን የነጥቡ ግማሽ። መምህሬ ከስር «ስለ ምንድን ነው የምታወሪው?» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ቲማቲም የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ስሌቱንማ ቲአይ-84 ካልኩሌተር በሰከንድ ይሠራዋል። እኔ በተፈተንኩበት ጊዜ የፈተናው ግማሽ ስድስት የጽሑፍ ጥያቄዎች ነበሩ፤ እዚያ ነጥብ የሚያሰጠው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መናገር ነው።

መንገዱን ያገኘሁት ቤት ነው። የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሻይ ወይስ ወተት ቀድሞ እንደተቀዳ ቀምሼ እለያለሁ ያለችን ሴት በስምንት ስኒ ስለመፈተን ጽፏል። እናቴ ደግሞ ቤት የተቆላ ቡናና ተፈጭቶ የተገዛ ቡና አይምታታብኝም ባይ ናት። በሁለት ጀበና አፈላን፤ አራት አራት ስኒ። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አወጣን፣ ወንድሜ እሷ ሳታይ ቀዳ፣ ቤት የተቆሉትን አራቱን ምረጪ አልናት። ሦስቱን አገኘች።

ወንድሜ «በቃ፣ አትለይም ማለት ነው» አለ። አይደለም። ከስምንት አራት ለመምረጥ 70 መንገድ አለ፤ በግምት ብቻ ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 17 ከ70 ነው፣ 0.24 ገደማ። «እማዬ አትለይም አላልኩም፤ ዝም ብላ ብትገምትም ከአራት አንዴ ያህል እንዲህ ሊወጣላት ስለሚችል፣ ይሄ ብቻውን እንደምትለይ አያሳምነኝም» አልኩት። ያንን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ መልሴን መጀመሪያ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ካልገባት እኔም አልገባኝም።

እስከ ፌብሩዋሪ የተምታታብኝ ሌላ ነገር ነበር። ናሙናን በዕጣ መምረጥ ስላልጠየቅናቸው ሰዎች እንድንናገር ያስችለናል፤ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል ደግሞ የትኛው ነገር የትኛውን እንዳመጣ ለማወቅ ነው። የምትወስዱት ካላችሁ ይህን በጊዜ ለዩት። ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ያለፉትን ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነነጥብ አሰጣጣቸው በነጻ ያወጣል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ሠርቼ፣ እንደ አራሚ ሆኜ ራሴን አርም ነበር። ከየትኛውም ማጠናከሪያ መጽሐፍ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ከ5 4 አመጣሁ።

እናቴ ግን በስምንቱ ስኒ አልረካችም። «ስምንት ምን ይነግርሻል? ጨምሪና ፈትኚኝ» አለች። በአስራ ሁለት ስኒ ከስድስቱ አንዱን ብትስት እንኳ፣ በግምት ያን ያህል የማግኘት ዕድል 37 ከ924፣ 0.04 ብቻ መሆኑን ሳንጀምር አስልቼ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። እሁድ ጀበናዎቹን ጣድን። አምስቱን አገኘች።