የእደላ ቀንና የተቆለፈው ጤና ኬላ

ሰሜን ወሎ ደጋው ላይ በእርዳታ እህል እደላ ስሠራ የገጠመኝ ነው። በልጉ ከሽፎ ነበር። በልግ ለሚያመርት ገበሬ ደግሞ በልግ ከሸፈ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ አንድ ኃላፊ ለጉብኝት መጡ። ሚዛኑ አጠገብ ቆመው የስም ዝርዝሩን ያገላብጣሉ። ባለ ሰባት ቤተሰብ፣ ባለ ስምንት፣ ባለ ዘጠኝ። ራሽኑ የሚሰላው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል። ስምንት ነፍስ ያለበት ቤት 120 ኪሎ ይወስዳል። ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ስንዴ እናመጣለን፣ እነሱ ይወልዳሉ። ይሄ ሁሉ ብር ለቤተሰብ ምጣኔ ቢውል ይሻል ነበር» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።

ልጅ አዝላ የተሰለፈች አንዲት ሴት ሰማቻቸው። «ጌታዬ፣ የወሊድ መከላከያ መርፌውን እምቢ ያልን መሰለዎት? ዛሬ ቀኔ ነበር። በጠዋት ጤና ኬላ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። የምትወጋንን ልጅ እዚህ አምጥታችኋታል» አለችና በእጇ አሳየች።

እውነቷን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሕፃናት ክንድ ትለካለች። በምግብ እጥረት የተጎዱትን መለየት የግድ ነው። ግን ባልደረባዋ ወሊድ ላይ ናት። ስለዚህ እደላ በሆነ ቁጥር ኬላው ይቆለፋል። እደላው ደግሞ ቀናት ይወስዳል።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋን አናገርኳት። የነገረችኝ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያ አካባቢ ብዙዎቹ ሴቶች የሦስት ወሩን መርፌ የሚወጉት ባል ሳያውቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቢወጡ ጠያቂ የሌለባቸው ለገበያና ለእደላ ሲሄዱ ብቻ ነው። ራሽን ልቀበል ብላ የወጣችን ሴት የት ቆየሽ የሚላት የለም። ኬላው የሚቆለፍባት ደግሞ ልክ በዚያ ቀን ነው።

ይሄ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ካሉ ባለትዳር ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት መውለድ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ከሚጠቀሙት ውስጥ አብዛኞቹ የሚመርጡት ይሄንኑ መርፌ ነው። እና ሴቶቹ ለምን ይወልዳሉ ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ በሩ ክፍት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ማታ ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባችን «መርፌ ለምትወጋ ሴት በራሽን ቅድሚያ እንስጣት» የሚል ሐሳብ አመጣ። ደሜ ፈላ። ልጇ የራበባት እናት ለስንዴው ብላ እሺ ብትል፣ ያ ፈቃድ ነው? ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን በጥቅማ ጥቅምና በማስፈራራት ሚሊዮኖችን አመከኑ። መንግሥቱ በምርጫ ወደቀ፤ የቤተሰብ ምጣኔ ሥራውም ለዓመታት በጥርጣሬ ሲታይ ኖረ። እህሉ ለተራበ ሁሉ ነው። መርፌው ለፈለገች ሁሉ ነው። አንዱን የሌላው መያዣ ማድረግ ነውር ነው፤ ይሄንኑ ተናገርኩ።

ለውጡ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የክንድ ልኬቱን ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ ያዘችው፤ ባለሙያዋ ኬላዋ ውስጥ ቀረች። ለሰልፉ ቁጥር ያለው ወረቀት ማደል ጀመርን፤ ሴቶቹ ተራቸው ሳይበላ ኬላው ብቅ ብለው መመለስ ቻሉ። ወዴት ሄድሽ ብሎ የሚጠይቅ አስተባባሪ እንዳይኖርም ተነጋገርን። ደብዳቤውን ለወረዳው የጻፉት እኚያው ኃላፊ ናቸው፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

የቀረን የአቅርቦቱ ጉዳይ ነበር። የእህል መኪና አንድ ቀን ሲዘገይ ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። መርፌ ሲያልቅ ግን የሚደውል አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስብሰባ የመጋዘኑ እህል ሪፖርት ሲነበብ፣ የኬላው መድኃኒት ቀሪም አብሮ እንዲነበብ ተስማማን።