የአንዲት ደሴት ስም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለትርጉም ሥራ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ሌዝቢያን» በሚለው ቃል ላይ ካሰብኩት በላይ ቆየሁ። ቃሉ በመሠረቱ የአገር ልጅነትን የሚገልጽ ነው፤ ጎንደሬ ወይም ሐረሬ እንደምንለው ሁሉ፣ በኤጅያን ባሕር ከቱርክ ጠረፍ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው የግሪክ ደሴት የሌስቦስ ተወላጅ ማለት ነበር። የደሴቲቱ ዋና ከተማ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ ያለፈባት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ስሟ የተጠቀሰው ሚጢሊኒ ናት፤ ስንት ጊዜ አንብቤው ሳላስተውል ማለፌ ገረመኝ።

ቃሉ ሴቶችን ለሚያፈቅሩ ሴቶች መጠሪያ የሆነው በባለቅኔዋ በሳፎ ምክንያት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በዚያች ደሴት የኖረችው ሳፎ ለሴቶች ያላትን ፍቅርና ናፍቆት በግጥም ገልጻለች፤ የእስክንድርያ ሊቃውንት ሥራዎቿን በዘጠኝ መጻሕፍት እንዳሰባሰቧቸው ቢነገርም፣ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው ግጥሟ አንድ ብቻ ነው፣ የቀረው ቁርጥራጭ ነው። (እኔን ከቃሉ ታሪክ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።) የአሁኑ ትርጉም በአውሮፓ ቋንቋዎች በሰፊው የተለመደው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሦስት የደሴቲቱ ሰዎች «ስማችን ተወሰደብን» በሚል አቤቱታ አንድን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር በአቴንስ ከሰው ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው። ብዙ ግሪኮች ግን ደሴቲቱን ራሷን ዛሬም በዋና ከተማዋ ስም ሚጢሊኒ እያሉ ይጠሯታል።