እማሆይ የተዉልን ጧፍ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የካቲት 9 የተያዘው ጾም ዛሬ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተፈታ። ያከፈላችሁ፣ በሕማማቱ ጉልበታችሁ እስኪዝል የሰገዳችሁ፣ ሌሊቱን በቅዳሴ ያነጋችሁ፣ ደስ ይበላችሁ! ታማችሁ ወይም አራስ ሆናችሁ መጾም ያልቻላችሁም ደስ ይበላችሁ፤ በዓሉ የሁላችን ነው። እኛም ቤት ዶሮው ወጥቷል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል።

ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ብቻ ባዶ ነው። አያታችን፣ የመንዟ እማሆይ፣ ጥቅምት 17 ቀን በጽጌ ጾም መካከል አረፉ። ያለ እሳቸው የምንውለው የመጀመሪያው ፋሲካ ይህ ነው።

እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም። ውዳሴ ማርያምን ግን ከሰኞ እስከ እሑድ፣ የየዕለቱን በቃላቸው ያደርሱ ነበር። አያታችን አባባ ካረፉ በኋላ መነኮሱ፤ ከዚያ ወዲህ በሁዳዴ ከ9 ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የሚሰጡት ጧፍ ነበር፤ በየዓመቱ ለሆሳዕና አርባ ጧፍ።

ሥራው ከወራት በፊት ይጀመራል። መንዝ ደጋ ነው፣ ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጡ ከይፋት ቆላ በነጋዴ ይወጣል። ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ይሆንና እንዝርት ላይ ይወጣል። ለነጠላ የሚፈተለው ክር ይከራል። የጧፉን ግን እማሆይ ሆን ብለው ላላ ያደርጉት ነበር። በጣም የከረረ ክር ሰም አይጠጣም፤ ሰሙ ላዩን ብቻ ይለብሰውና ሲበራ ክሩ እየጨሰ ይነድዳል፣ ሰሙም ሳይነድ በሰው እጅ ላይ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ጧፍ ለቅዳሴ መስጠት ለእሳቸው ነውር ነበር።

ሰሙ ደግሞ ማር ተጨምቆ ከቀረው ሰፈፍ ነው። ሰፈፉን ከውሃ ጋር በሸክላ ድስት፣ ፍሙ ዳር ያስቀምጡታል፤ ነበልባል ላይ አይጣድም። ሰም ከተቃጠለ ይጠቁራል፣ ያ የማር ሽታውም ይጠፋል። ሲቀልጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያፈስሱታል። ሲረጋ ከሥሩ የሚገኘውን ጥቁር አተላ በቢላ ፍቀው ያስወግዱና እንደገና ያቀልጡታል። ሁለት ጊዜ ካልተጠለለ፣ ወይም ውሃ ከቀረበት፣ ጧፉ ሲበራ ይንጣጣል። «ካህኑ ወንጌል እያነበቡ ጧፍ አይንጣጣባቸውም» ይሉ ነበር።

ከዚያ ክሩን አራት እጥፍ አድርገው፣ ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ይለኩና ይቆርጣሉ። ነክረው ያወጡና ግድግዳው ላይ በተወጠረው ገመድ ያንጠለጥሉታል። በአንዱ መንከርና በቀጣዩ መካከል ያለውን ጊዜ በመቁጠሪያቸው ይለኩት ነበር፤ 41 «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ከሦስተኛው በኋላ፣ ሰሙ ለብ እንዳለ፣ ከመሐሉ ጀምረው ወደ ጫፎቹ በሁለት መዳፋቸው መካከል ያሽከረክሩታል። ትኩስ ሆኖ ከተነካ ከእጅ ይጣበቃል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። የመንዝ ብርድ ቶሎ ስለሚያደርቀው በሩ ተዘግቶ፣ ምድጃው ሥር ነበር የሚሠራው። በዚያን ቀን በር ከፍቶ የሚገባን ሰው ይቆጡት ነበር።

ዘንድሮ ልጆቻቸው ጧፉን ሞከሩት። ቁመቱ አልገጠመም፤ የሁሉም ክንድ ከእሳቸው ክንድ ይረዝማል። የፋሲካው ጠላም ትንሽ መረረ። ጋኑ በግራዋ ታጥቧል፣ በወይራ ታጥኗል፣ ብቅሉም ጥሩ ነበር፤ ጌሾው ግን «አምስት እፍኝ» ተብሎ በወጣት ሴት እፍኝ ተሰፈረ። የእማሆይ እፍኝ ትንሽ ነበረች። እነዚህን ልኬቶች ሁሉ ይዘዋቸው ሄዱ።

ስለዚህ አያታችሁ በሕይወት ያሉ ወዳጆቼ፣ ምኞቴ ለእናንተ ይህ ነው። ዛሬ ጉልበታቸውን ስማችሁ ስትመረቁ፣ አንድ እፍኝ ጌሾ፣ አንድ እፍኝ ብቅል ሳህን ላይ ያድርጉላችሁና መዝኑት፤ በግራም ጻፉት። ክንዳቸውንም ለኩ። ነገ እንለካዋለን አትበሉ።

ምስጋና የሚገባቸው አሉ። በጥቅምት ውርጭ ሌሊት በእግራቸው መጥተው ያቆረቧቸውና እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ አጠገባቸው የነበሩት የንስሐ አባታቸው። ተዝካሩ ኅዳር 26፣ ነቢያት ጾም ውስጥ ስለወደቀ፣ ሽሮውንና ክኩን ያለ አንዳች ጉድለት ያሰናዱት የእድሩ ሴቶች፤ ሦስት ሌሊት እንጀራ ሲጋግሩ ጭሱ ዓይናቸውን አቅልቶት ነበር። የ21 ማርያም ጽዋ ማኅበርተኞች፣ የእማሆይን ተራ ማንም ሳይጠይቃቸው ተካፍለው ያወጡላቸው። እና የይፋቱ ጥጥ ነጋዴ፣ ሙስሊሙ አባባ። ለቅሶ ሊደርሱ ዳገቱን ወጥተው ሲመጡ አንድ እስር ጥጥ ይዘው ነበር። ዋጋውን ስንጠይቃቸው «የዘንድሮው የሳቸው ነው» ብለው ተቀመጡ። አላህ ይስጥልን፣ አባባ። ዘንድሮ የሞከርነው ጧፍ ከእርሶ ጥጥ ነው።

መንገድ ተዘግቶባችሁ ወላጆቻችሁ ዘንድ መግባት ላልቻላችሁ፣ ከቀያችሁ ተፈናቅላችሁ በሰው ደጅ ለምትፈስኩ፣ ልጃችሁ የት እንዳለ ሳታውቁ ማዕድ ላይ ለተቀመጣችሁ፦ የከርሞ ሰው ይበላችሁ። በየቤታችሁ፣ በየደጃችሁ፣ ከነሙሉ ቤተሰባችሁ።

እማሆይ ከአምናዎቹ ሰባት ጧፍ በነጠላ ጠቅልለው ሌማታቸው ሥር አስቀምጠው ነበር። አንዱ ዛሬ ሌሊት በማርያም ደጅ በራ። አልጨሰም፣ አልተንጣጣም፣ ማር ማር እየሸተተ እስከ ሥሩ ነደደ። ስድስት ቀርተዋል። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ጠዋት ጥቅልሉን ፈትታ አንዱን ክንዷ ላይ አስተኝታ ስትለካ ነበር፤ ጣቷ የጧፉ ጫፍ ላይ ሊደርስ ትንሽ ይቀራታል።