የካምቤል ጨርቅ

የባለቤቴ የእህት ልጅ ልታገባ ነው። ሰርጉ እዚሁ ግላስጎው ነው። ሙሽራው ስኮትላንዳዊ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ወንዶች ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባለካሬ የሱፍ ጉርድ፣ እንዲለብሱ ተጠየቀ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሱቅ ሄድን። ሻጩ ደግ ሽማግሌ ናቸው። የአባቱን ስም ጠየቁት። «ካምቤል» አላቸው። ፈገግ ብለው አረንጓዴና ሰማያዊ ባለካሬ የሱፍ ጨርቅ ዘረጉ። «ይኸው፣ የናንተ ታርታን» አሉት። ታርታን የሚሉት ባለካሬውን ጥለት ነው፤ ብዙው በቤተሰብ ስም ይጠራል። ባለቤቴ ጨርቁን ዳሰስ አደረገና ዝም አለ። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሏቸው ወጣን።

ባለቤቴ ወላጆቹ ከጃማይካ ናቸው። ካምቤል እዚያ በየመንደሩ ያለ ስም ነው። በባርነት ዘመን በሸንኮራ እርሻዎቹ ላይ ብዙ ስኮትላንዳውያን ጌቶችና አለቆች ነበሩ። ስሙ ለቅድመ አያቶቹ በደም መጥቶ ይሆናል፤ ያውም እናቲቱ እምቢ ማለት ከማትችልበት ቤት። ወይም እንደ ንብረት ምልክት ከጌታው ተለጥፎባቸው ይሆናል። ባርነቱ ጨርሶ ያበቃው በ1838 (እንደ ፈረንጆች) ነው። ከዚያ በፊት ባሉት መዝገቦች ላይ ብዙዎቹ ሰዎች አንድ ስምና ዕድሜ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌ የላከብኝ ጊዜ ትዝ ይለኛል። አጎቴ እንደ ወጉ «እስቲ ዘርህን ቁጠር» አለው። እኛ ቤት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አራት ቆጠረና ቆመ። አጎቴ ቆይቶ «ይበቃል ልጄ» አለው። ያን ቀን ያየሁትን ፊት ሱቁ ውስጥ እንደገና አየሁት።

ማታ ማታ ሳነብ ሰነበትኩ። የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች በብዛት የተሰለፉበት አመፅ ከተሸነፈበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ፣ በ1746 የወጣ ሕግ የደጋውን ሰው ልብስ ከልክሎ ነበር። የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 የብሪታኒያው ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ታርታን ፋሽን ሆነ። ባኖክበርን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ የነበሩት ሸማኔዎች ብዙውን ጥለት መጀመሪያ በቁጥር ነበር የሚሸጡት፤ የቤተሰብ ስም የተሰጠው ኋላ ነው። የካምቤል የሚባለው ራሱ ብላክ ዋች ከተባለው የጦር ክፍል ጥለት ጋር አንድ ነው፤ ማንም ይለብሰዋል። የማንን ልበስ፣ የማንን አትልበስ የሚል አጠቃላይ ሕግም የለም።

ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ። «የካምቤልን ልበስ» አልኩት። «አያቶችህ ለዚህ ስም ከማንም በላይ ከፍለውበታል። ማን ነው ያንተ አይደለም የሚልህ?» ከልቤ ነው። ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው።

እሱ ግን ረጋ ብሎ መለሰልኝ። «ስሙን ሳልመርጥ ተሸክሜዋለሁ። ለልጆቼም ሰጥቻለሁ። ጨርቁን ግን እኔ ልምረጥ።»

ክርክሬን አቆምኩ።

ታርታን ለቤተሰብ ብቻ አይደለም። ከተማና አውራጃም የራሱ አለው። እሱ የግላስጎውን መረጠ። ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው። የከተማው ሀብት ከየት እንደመጣም እናውቃለን፤ መሀል ከተማ ጃማይካ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚያልፈው በሱ ነው።

ሽማግሌው ሻጭ ለምን አላሉትም። ሜትራቸውን አንስተው ወገቡን ለኩ። ለአንድ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል ጨርቅ ይሄዳል፤ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ።

ማታ እናቴ ደወለች። ፎቶውን ልኬላት ነበር። «ጥለቱ ያምራል። የማን ነው?» አለችኝ።

«የከተማችን ነው፣ እማዬ» አልኳት።