አሮጌ ስፖርት መኪና በጎንደር ዳገት፦ በየቀኑ ምን ያህል ይረገጣል?

ዕድሜው የገፋ ስፖርት መኪና ይዞ ጎንደር ውስጥ ለሚነዳ ሰው ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፤ «ቀስ አድርገህ ንዳው፣ አታስጨንቀው።» እኔ በየቀኑ የምነዳው ስድስተኛው ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ ነው። በፈረንጆቹ ከ1993 እስከ 1999 ሲመረት የነበረው፣ የእኔው 1.8 ሊትር ባለ 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር። በእሱ ላይ ያየሁት ከዚያ ምክር ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚጎዳው መረገጡ ብቻውን አይደለም፤ ሳይሞቅ መረገጡ፣ ዙሩ (በደቂቃ የሚዞረው ቁጥር) ወድቆ እያለ ዳገት መገፋቱና ዘይቱ ደህና አድርጎ ሳይግል በአጭር በአጭር ጉዞ መኖሩ ነው። በደንብ የሞቀ ሞተር በቀን አንዴ ጠንከር ተደርጎ ቢረገጥ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

መጀመሪያ የከተማዋን ከፍታ መቁጠር ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ወደብ ላይ ካለው አራት አምስተኛውን እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ፋብሪካው 115 ፈረስ ገደማ የሰጠው ሞተር ፒያሳ ላይ 90 ቢኖረው ነው። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ቢረገጥ እንኳ በፒስተንና በብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ በሚዞርበት ተሸካሚ) ላይ የሚያርፈው የፍንዳታ ጫና ጅቡቲ ላይ ከሚያርፈው ያነሰ ነው።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጉልበቱ ሲያንስበት ነጂው ዙር እየጨመረ ሊያካክሰው ይፈልጋል፤ ከዙር የሚመጣው ጫና ደግሞ ከፍታ አያውቅም። ፒስተንን ወደ ላይ ወርውሮ ወደ ታች የመመለሱ ጫና የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው፤ ከ4,000 ወደ 6,000 ዙር ሲወጣ 2.25 እጥፍ ይሆናል። የ7ኤ ፒስተን የሚመላለሰው 85.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኮሮላው 4ኤ ሞተር ግን 77 ብቻ ነው። በ6,000 ዙር የ7ኤ ፒስተን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 17 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሞተር መጎተት የሚወደው ደግሞ ታች ነው፤ ትልቁን የመጎተት ኃይሉን የሚሰጠው በ2,800 ዙር አካባቢ ነው። ስለዚህ የእኔ የዕለት ጣሪያ 5,500 ነው፤ ከዚያ በላይ መውጣት በዚህ ከፍታ የሚያስገኘው ፍጥነት ለሚያስከፍለው ዋጋ አይበቃም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከ2,500 ዙር አላሳልፍም፤ ነዳጅ መስጫውንም ከሲሶው በላይ አልረግጥም። የሙቀት መርፌው መሐል ሲደርስ ብዙዎች «ሞቋል» ብለው ይለቁታል፤ መርፌው የሚናገረው ግን ስለ ውሃው ነው። ዘይቱ ከውሃው በኋላ ነው የሚሞቀው፤ ጊዜውም ሁለት እጥፍ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ መርፌው መሐል ከቆመ በኋላ ሌላ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር እስከ 3,500 ዙር ብቻ እነዳዋለሁ። ግቢ ውስጥ አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማቆም ማሞቂያ አይደለም፤ በባዶው የሚዞር ሞተር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ያን ጊዜ ሁሉ የሚገባው የበዛ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በዝግታ መሄድ ነው።

የጎንደር አቀማመጥ እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርድ ሰው ጠዋት ሞተሩ ሥራ ስለማይበዛበት አዘዞ እስኪደርስ ዘይቱ ላይግል ይችላል፤ እዚያ ደርሶ ወዲያው ወደ ኤርፖርት መንገድ መልቀቅ በቀዝቃዛ ዘይት መርገጥ ነው። አዘዞ የሚኖረው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩን እንዳስነሳ ዳገቱ ይጠብቀዋል። ለእሱ ያለው መፍትሔ መጀመሪያ ሜዳው ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ዳገቱንም በ3ኛ ማርሽ ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው ዙር ሳይቸኩሉ መውጣት ነው። ጠንካራው መርገጥ ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚመለሱበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁሉም ነገር ሞቋል፣ ዳገቱም ያለ ትልቅ ፍጥነት ሞተሩን ያሠራዋል። እግረኛና ባጃጅ በሌለበት ቦታ፣ በ2ኛ ማርሽ፣ ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መሳብ፤ አንዴ ወይም ሁለቴ። በከተማ ጉዞ የተከማቸ ጥላሸት የሚቃጠለውና ዘይት ውስጥ የገባው ውሃና ቤንዚን የሚተነው እንዲህ ባለው ሙቀት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቴርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ቦታው ላይ ካለ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሞቀ ሲባል የመጀመሪያው ሥራ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። መርፌው ይወርዳል፣ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክለኛ ሙቀቱን አያገኝም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚኑ ዘይቱን ያቀጥናል፤ የቀጠነው ዘይት የፒስተን ፋሻና ብሮንዚና ይጨርሳል። በጎንደር የጠዋት ብርድ ይህ በፍጥነት ይታያል፤ የዘይት መለኪያው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ መጠኑም ሳይጨመርበት ከፍ ይላል። በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ በ95 ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቴርሞስታት ይገጠም። ከመግጠም በፊት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፍልቶ መከፈቱን ማየት ቀላል ነው፤ ብቻ ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አይታይም።

ይኸው የ93 ዲግሪ ነገር የራዲያተሩን ክዳን ትልቅ ጉዳይ ያደርገዋል። 0.9 የሚል የታተመበት ጤነኛ ክዳን ውሃውን ጨቁኖ ስለሚይዝ እዚህ ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ውሃውን በ93 ይለቀዋል፤ ያ ማለት ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። የእንፋሎት ኪስ የያዘ ቴስታታ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ ፓምፕ፣ ቴስታታ ማስላጨት ከማለት በፊት ክዳኑን መቀየር ይቀድማል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ተከፍቶ ላስቲኩ ይታይ፤ መጠባበቂያው ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ ሞተሩ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ካላለ ክዳኑ ወይም ወደ ገንዳው የሚሄደው ቱቦ አይሠራም። የቧንቧ ውሃ ቆሻሻው ስለሚጋገር የተጣራ ውሃና አንቱፍሪዝ እኩል በእኩል አደባልቆ መሙላት ነው።

ጥምቀት ሲደርስ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስዱት መንገዶች ላይ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ስለሚሄድ አየሩን የሚስበው የኤሌክትሪክ ማራገቢያው ብቻ ነው። ከበዓሉ በፊት መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠብቆ ማራገቢያው በራሱ መነሳቱንና መቆሙን ማየት ይገባል። ባይነሳ ያን ሳምንት መኪናውን ቤት መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ዳገቱ። ወደ ጎሃ በሚወጣው አቀበት ላይ በ3ኛ ማርሽ፣ 1,300 ዙር፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ የሚያቃስት መኪና እየተከበከበ አይደለም። በዚያ ዙር የዘይት ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው፤ ብሮንዚናው ላይ ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል፣ ሞተሩ ተራግፎ የተቀመጠባቸውን ላስቲኮች ይቀጠቅጣል። ከ2,000 ዙር በታች ነዳጅ መስጫውን ከግማሽ በላይ አልረግጥም፤ ጉልበት ከተፈለገ አስቀድሞ ማርሽ መቀነስ ነው። 2ኛ ማርሽ በ3,000 ዙር ይጮሃል፣ ግን ለሞተሩ እረፍት ነው።

ፍሪሲዮንን የሚጨርሰው ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም ነው። የእጅ ፍሬኑ በትክክል ካልያዘ ሰው ወደዚያ ልማድ ይገባል፤ ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ማስጠበቅ የፍሪሲዮን ጥገና አካል ነው። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት መጀመሩን ለማወቅ ቀለል ባለ ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምሮ ሙሉ በሙሉ መርገጥ ነው፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከዘለለ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል።

ፍሬኑም የከፍታ ጉዳይ አለበት። እግርን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ቫኪዩም መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ እርዳታውም ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ መኪና ፍሬኑ የከበደ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የቫኪዩም ቱቦው ከተሰነጠቀ ችግሩ ይደረባል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ረግጦ፣ እንደተረገጠ ሞተሩን ማስነሳት፤ ፔዳሉ ትንሽ ካልወረደ ሰርቮው ወይም ቱቦው ይታይ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። እኔ ዶት 4 አድርጌ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይራለሁ፤ የፍሬን ሸራም 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እስኪያልቅ አልጠብቅም።

ዘይት 3.7 ሊትር ከነፊልትሮው፤ ውፍረቱ 10ደብሊው-40። 20ደብሊው-50 በየቦታው ይገኛል፣ ለቆላም ደህና ነው፤ በጎንደር ጠዋት ግን ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። አጭር ጉዞ የሚበዛበት መኪና በ4,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር ይቀየርለት። ሞተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በታች ዘይት ቢበላ አልጨነቅም፤ መጨመሩን ግን አልረሳም፤ ሹል መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር የሚስበው መጠኑ የጎደለ እንደሆነ ነው። የሚያንጠባጥብባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮንና የስፒንተሮጅኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ቀለበት ላስቲክ። ካንዴላ ሲፈታ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ የሽፋኑ ላስቲኮች ደርቀዋል፤ በክረምት ሞተሩ የሚያነጥሰውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

ካንዴላና የዘይት ፊልትሮ ከኮሮላው ወንድሞቹ ጋር ስለሚጋራ ዕቃ ማግኘት አያስቸግርም። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ) ግን የ4ኤው አይሆንም፤ የ7ኤ ብሎክ ከፍ ያለ ስለሆነ ረዘም ያለ ነው። ሱቅ ላይ አሮጌውን ይዞ ጥርሱን መቁጠር ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ሰባት ዓመት ካለፈው ይቀየር። በዚህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መኪናው ግን ባለበት ይቆማል።

ለኮብልስቶን መንገድ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ሞተሩን እንጂ የመኪናውን እግር (ከጎማዎቹ ጋር የሚያያዘውን ክፍል) አላስጨንቅም። ብራቾ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ላይ ያሉት ላስቲኮች ያረጁት በዕድሜ እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በፍጥነት የተመታ ድንጋይ ይሰነጥቃቸዋል። ቸርኬው ከውስጥ በኩል ግሪስ ከተረጨበት የሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላስቲክ ተቀዷል፤ ያኔ ከተቀየረ ወጪው ላስቲክና ግሪስ ነው። መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ግን ራሱ ጆንቱ ሄዷል።

ከከተማ ሲወጣ ደግሞ የሚጠበቀው ይለያያል። ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጣላል፤ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ዙሩን ከ3,000 እስከ 4,000 ይዞ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ለአጭር ጊዜ ረግጦ መልቀቅ ነው እንጂ እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መውረድ አይደለም። ነዳጅ መስጫው በተለቀቀበት ቁልቁለት ያ ዙር ሞተሩን አይጎዳም። በአይከል በኩል ወደ መተማ ሲወረድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ጎንደር ላይ ተሰምቶ የማያውቅ የመንቃቃት ድምፅ (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማው) በዝቅተኛ ዙር ሲረገጥ ሊመጣ ይችላል። ድምፁ ከተሰማ ወዲያው ከነዳጅ መስጫው ላይ እግርን ማላላትና ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ጎማውም ጎንደር ላይ 32 ፒኤስአይ ተሞልቶ ከሆነ በከፍታው ለውጥ ብቻ ጌጁ ላይ 2 ያህል ይቀንሳል፣ ሙቀቱ መልሶ ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ መተማ ደርሶ ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ በማግስቱ ጠዋት ሳይነዳ መለካት ነው።