90 ነጥብ ያለው ፈረስ ምን ይሸከማል?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ከአጎቴ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ፣ የአንድ የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ካርድ በስልኬ ከፍቼ አሳየኋቸው። ጋሼ በንጉሡ ዘመን ጃንሜዳ ላይ የፈረስ እሽቅድድም እያዩ ያደጉ ሰው በመሆናቸው ፈረስን የሚያውቁት ዳማ፣ ቦራ እያሉ በመልኩና በአረጋገጡ ነው፤ በቁጥር የተሞላው ገጽ ግን ግራ አጋባቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ታዲያ ይኼ 90 የተጻፈበት ነዋ የሚያሸንፈው?» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድሁ።

ሃንዲካፕ በሚባለው የውድድር ዓይነት፣ ለፈረሱ ችሎታ የሚሰጠው ይህ ነጥብ የፈረሱን ጭነት የሚወስን ነው። የነጥብ ሰጪዎቹ ሐሳብ ፈረሶቹ ሁሉ መጨረሻው መስመር ላይ እኩል እንዲደርሱ ማድረግ ስለሆነ፣ አንድ ነጥብ በአንድ ፓውንድ ይመነዘራል። ባለ 90ው ፈረስ 9-10፣ ማለትም 9 ስቶን ከ10 ፓውንድ (አንድ ስቶን 14 ፓውንድ ነው) ከተሸከመ፣ ባለ 80ው 9 ስቶን ብቻ ይሸከማል፤ የ10 ፓውንዱ ልዩነት አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ጋላቢው ከነኮርቻው ተመዝኖ ክብደቱ ከጎደለ፣ በኮርቻው ሥር ባለው ጨርቅ ኪስ የእርሳስ ብረት ይጨመርለታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ፈረሱ ዛሬ ከተሰጠው ነጥብ በላይ መሮጥ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ካሸነፈ ነጥቡ ከፍ ይላል፣ በተደጋጋሚ ከተሸነፈ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ በእኔ እምነት በካርዱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ የነጥብ መውጣትና መውረድ ነው።

እኩል ክብደት በሚሸከሙባቸው ታላላቅ ውድድሮች ግን የጋሼ ግምት ትክክል ይሆናል። 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም ያሸነፈው ፍራንክል የተባለ ፈረስ በ2012 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 140 የተሰጠው በእንዲህ ያሉ ውድድሮች ባሳየው ብቃት ነው።

በካርዱ ላይ ከፈረሱ ስም ጎን ያለው የቁጥር ተርታ የቅርብ ጊዜ ውጤቶቹን ያሳያል፤ የቅርቡ በስተቀኝ ጫፍ ያለው ነው። ለምሳሌ በዚያ ካርድ ላይ የአንዱ ፈረስ ተርታ «31-042» ነበር፤ ሰረዙ የውድድር ዘመን መለያ በመሆኑ፣ ፈረሱ ባለፈው ዘመን ሦስተኛና አንደኛ ወጥቶ፣ ዘንድሮ ዜሮ፣ አራተኛና ሁለተኛ ሆኗል ማለት ነው። ዜሮው ከዘጠነኛ በታች መጨረሱን ይገልጻል።

ጋሼ ይህን ሁሉ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ ጣታቸውን ዜሮው ላይ አድርገው፣ «ያን ቀን መሬቱ ምን ነበር?» አሉኝ። የዚያን ቀን ውጤት ስከፍተው ሜዳው በዝናብ የራሰና የከበደ ነበር፤ የቀሩት ውጤቶቹ በሙሉ በደረቅ መሬት የተገኙ ናቸው።